በግድግዳችን ላይ የነበረው መዝገብ

ሙሉዬ፣ የትዕግሥት አባት፤

ከተለያየን ሦስት ክረምት አልፎ አራተኛው ገባ። ዛሬም ከማለዳ ጀምሮ ያካፋል። የምጽፍልህ ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ፊት ተቀምጬ ነው። ግድግዳው ባዶውን ቀርቷል፤ ምርጊቱ ወጥቶ ጭዱ ይታያል። ብታየው «ምን ሆናችሁ?» ትል ነበር። የሆነውን ልንገርህ።

ትዕግሥት ደህና ናት። እዚሁ ንፋስ መውጫ ታስተምራለች፤ የምትኖረውም ከእኔ ጋር ነው። የአንተ ኮሌጅ ግን እንደተዘጋ ቀረ፤ ግቢው አሁን የእህል መጋዘን ሆኗል። በግንቦት ዩኒቨርሲቲው በአካባቢው ያስተምሩ የነበሩትን ኮሌጆች ታሪክ ሊሰበስብ ነው ተባለ፣ የተዘጉትንም ጭምር። የድሮ ሠራተኞች፣ የሞቱትም ቤተሰቦቻቸው፣ ያላቸውን ወረቀትና ፎቶ ይዘው እንዲመጡ ተጠራ። እኔም ኮትህን ለብሰህ በኮሌጁ በር የተነሣኸውን ፎቶ በነጠላዬ ጠቅልዬ ከትዕግሥት ጋር ሄድኩ።

ሰነዶቹን የምታሰባስበው ሰላማዊት የምትባል ወጣት ናት። የተገኘውንና የጠፋውን በየተራ አነበበች። «የኮሌጁ የመጀመሪያ ተማሪዎች መዝገብ የለም» አለችና ከአንድ ያረጀ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይ ምክንያቱን አነበበችልን፦ በመዝገብ ሹሙ በሙሉነህ ቸልተኝነት ጠፍቷል። ትዕግሥት አንገቷን ደፋች። እኔ ፎቶህን ከነጠላው ሳላወጣ ወደ ቤት ተመለስኩ።

አንተ ታውቀዋለህ፤ ሌላ ሰው ግን አያውቀውም ነበርና ከመጀመሪያው ልጻፈው። የኮሌጁ ጣሪያ ሲያፈስ መዝገቡን እንዲደርቅ ብለህ ወደ ቤት አመጣኸው። ገና ሙሽራ ነበርኩ፤ ፊደል አልቆጠርኩም። ለመስቀል እናትህን ልታመጣ እስቴ ስትሄድ ቤቱን አሳምሬ ልቆይህ አልኩ። የዱቄት ሙጫ አፍልቼ ያመጣህልኝን አሮጌ ጋዜጣ በየጎኑ ለጠፍኩ። ከበሩ ትይዩ፣ እንግዳ ገብቶ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፍበት ላይ ግን ጋዜጣ አልመረጥኩም። የአንተ የእጅ ጽሕፈት ከሁሉም አምሮ ታየኝ። መዝገቡን ገነጣጥዬ፣ አንዱን ቅጠል ከአንዱ አስተካክዬ፣ ግድግዳውን በእርሱ አለበስኩት።

እናትህንና በቤተ ልሔም ደብር የሚያገለግሉትን አጎትህን መሪጌታን ይዘህ ገባህ። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ግድግዳው ሥር ቆሙና ማንበብ ጀመሩ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ስም! ፍትሐት ልናደርስለት ነው ወይስ ሰርግ ልትጠሪው?» እናትህ እንባቸው እስኪፈስ ሣቁ። አንተም የእናትህን ጓዝ እንደታቀፍክ ደጃፉ ላይ ቆመህ ሣቅህ። ምን እንዳደረግሁ የነገርከኝ እነርሱ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ነው፤ እሱንም ድምፅህን ዝቅ አድርገህ። «አንቺ ዝም በይ፣ እኔ እወጣዋለሁ» አልከኝ። ኮሌጁ ከመዝገብ ክፍል አንሥቶ ጠመኔ አዳይ አደረገህ። ከተማው «ሙሉነህ ጠመኔ» ሲልህ ዞረህ አቤት ትል ነበር።

ከዚያ በየእሑዱ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ስሞቹን ከግድግዳው ወደ ደብተር መገልበጥ ጀመርክ። ጮክ ብለህ እያነበብክ ትጽፋለህ፤ እኔ ትዕግሥትን እንዳረገዝኩ ከኋላህ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ማንም አስተምሮኝ አይደለም። የምትለውን በጆሮዬ፣ ጣትህ የሚያርፍበትን በዓይኔ እየያዝኩ ነው። አንድ እሑድ ሳትቀድመኝ «ልየው» የሚለውን ስም አነበብኩ። እስክሪብቶህን አስቀምጠህ ዞረህ ያየኸኝን አስተያየት እስከዛሬ በደንብ አስታውሰዋለሁ።

«ማንደፍሮ» ላይ የደረስከው ትዕግሥት ከተወለደች በኋላ ነው፤ የአባቱን ስም ሌላው ወረቀት ተደርቦበት አገኘኸው። በሚቀጥለው እሑድ በውሃ አርሰን እናላቅቀዋለን አልክ። የሚቀጥለው እሑድ የትዕግሥት ክርስትና ነበር፤ የኮሌጁ ኃላፊም ተጠርቷል። አንተ ጠላ ልታስመጣ ወጣህ። ኃላፊው አይቶ እንዳያሳስርህ ፈራሁ፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ፍርሃት ብቻ ቢሆን መጋረጃ እሰቅል ነበር፤ ሲሄድም አወርደው ነበር። እኔ ሙጫ ነው ያፈላሁት። ማንበብ ከቻልኩ ጀምሮ ያ ግድግዳ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ጥፋቴን ይነግረኝ ነበር። በላዩ ጋዜጣ ለጠፍኩበት። ስትመለስ ቆመህ አየህና «ቤቱ አምሯል» አልክ። ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ከተትከው፤ እስክትሞት አልከፈትከውም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁህም። ምነው በጮህክብኝ እያልኩ ኖርኩ።

ከስብሰባው ስንመለስ ለትዕግሥት ሁለቱንም ነገርኳት፤ ሳላውቅ ያደረግሁትንም አውቄ ያደረግሁትንም። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ የተናገረችው ግን ከቁጣ የባሰ ነው። «እማዬ፣ ልጆች ‹የጠመኔው ልጅ› እያሉ ሲያስለቅሱኝ እኮ እንባዬን የምትጠርጊው አንቺ ነበርሽ።» ሁለት ቀን ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ራሷ ለሰላማዊት ደወለች።

ሰላማዊት ወረቀቱን በፈላ ውሃ እንፋሎት ልታላቅቅ፣ ለስላሳ ብሩሽና ስስ ቢላዋ ይዛ አራት ቀን ተመላለሰች። ከላይ ትዕግሥት ሰባተኛ ክፍል ሳለች የለጠፍነው ተነሣ፤ ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ደግሞ የክርስትናው ጋዜጣ። በመጨረሻ የእጅ ጽሕፈትህ ወጣ። ሙጫው ዱቄት ስለነበር አይጥ የበላው ቦታ አለ፤ እርጥበትም ያጠፋው አለ። ቀለሙ በጋዜጣው ጀርባ ላይ የተጋባበትን ቦታ ትዕግሥት መስታወት አምጥታ ከግልብጡ አነበበችው። የማንደፍሮ አባት ይርጋ ነው፤ ደብተርህ ላይ ጻፍኩልህ። ሙሉ መዝገብ አይደለም። ግን ከእነዚያ ተማሪዎች በሕይወት ያሉት መማራቸውን የሚያሳዩበት ሌላ ወረቀት የላቸውምና፣ ሰላማዊት እያንዳንዱን ቅጠል እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ነው የተቀበለችው።

ከዚያ ቃሌን በጽሑፍ እንድሰጥ ጠየቀችኝ፤ ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ጋር እንዲቀመጥ። ትዕግሥትን ጻፊልኝ ብላት «አይ፣ አንቺው ጻፊው» አለች። ጻፍኩ። ስጨርስ ትዕግሥት አነበበችውና «የመጀመሪያው ይበቃል፤ ሁለተኛውን ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ። ለእኔ አዝና እንደሆነ ገባኝ፤ ግን አልሰረዝኩትም።

ያልጠበቅሁት ከዚያ በኋላ መጣ። ሰላማዊት ከፋይሉ አንድ ወረቀት አውጥታ አሳየችኝ። አንተ በእጅህ የጻፍከው፣ ፊርማህ ያለበት፤ መዝገቡን በረዶ ገብቶ አበላሸው ይላል። ያን ወረቀት መኖሩን አላውቅም ነበር። የእኔ ቃል እውነት ከሆነ የአንተ ሐሰት ሊሆን ነው። ቸልተኛ አለመሆንህን ለመመስከር ዋሽቷል ልልህ ነው፤ አንተን፣ ለጎረቤት እንኳ በቀልድ የማትዋሸውን።

«ልጄ፣ እሱንስ ብታወጪው?» አልኳት። ለመንኳት፣ አልደብቅህም።

«እማማ፣ እኔ ዛሬ አንድ ወረቀት ካወጣሁ፣ ነገ ደግሞ የእርስዎን የሚያወጣ ይመጣል» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ወረቀቱን ግን መልሳ ቦታው ከተተችው።

እስክሪብቶውን አነሣሁ። «ለእኔ አዝኖ» ብዬ ላልፈው አሰብኩ፤ «ተሳስቶ» ልልም አሰብኩ። ሁለቱም ቃላት በክርስትናው ቀን የለጠፍኩትን ጋዜጣ መሰሉኝ። ከፊርማዬ በላይ በቀረችው ቦታ ይህን ጨመርኩ፦ «በረዶ አላበላሸውም። ባለቤቴ እኔን ላለማጋለጥ ብሎ ዋሸ። እኔም ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እያወቅሁ ዝም አልኩ።» ሰላማዊት ቁጥር ሰጥታ ከማስጠንቀቂያው ደብዳቤና ከአንተ ወረቀት ጋር በአንድ አቃፊ አሰረችው። ሦስታችንም አንድ ላይ ነን አሁን፤ ከሳሹም፣ አንተም፣ እኔም።

ትዕግሥት ግድግዳውን ኖራ ልቀባው ትላለች፤ እሺ ብያታለሁ። ትናንት ደግሞ ያን ፎቶህን ወስዳ የት እንደምትሰቅለው ስትለካ ነበር።

ይቅር ብለኸኝ እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም። ቢሆንም ቃል እገባልሃለሁ፦ በሕይወት እስካለሁ ስለ አንተ የሚጠይቀኝ ቢመጣ ደግነትህን ብቻ ነግሬ አልሸኘውም። አንድ ጊዜ እንደዋሸህ፣ ለማን ብለህም እንደዋሸህ እነግረዋለሁ። አንተ ጋ እስክመጣ የማስታውስህ እንዲህ ነው።

ያንተው ውባለም