የቁንጮ ፈተናና የዘበኛው ፀጉር

እታለሜ፣ እንደምን አለሽልኝ? ደረጃ ስትወጪ ያምሽ የነበረው ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ጋሼስ እንዴት ነው፣ ዛሬም ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው የሚተኛው? እማዬስ በደንብ ትበላለች? መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ ትራስ ስር ትደብቃለች? ልጆቹስ? እኛ ከነልጆቻችን ደህና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ አላስቀምጥ ብሎኛል። ስልክ ላይ እንደሆነ አንቺ «ሰማኸኝ?» እኔ «ሰማሽኝ?» ስንባባል ያልቃል። ስለዚህ ዛሬ ወረቀት ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

ባለፈው «የቁንጮ ፈተና እንዴት ሆነ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «ደህና ነው» ብዬ የዘጋሁብሽ ነገሩ በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ነው። አሁን ሰብሰብ ብለሽ ተቀመጪና አንብቢው። ለእማዬም አንብቢላት፤ እኔ ላይ የሚሳቅበትን ቦታ ግን ዝለይው፣ ዓመት ሙሉ ታነሣብኛለች።

መቼም የአሁኑ ፈተና እንደ ድሮው የእኛ አይደለም። አገር ምድሩ ላይ ያለ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የሚቀርብለት። ከሀ እስከ መ ካሉት ክቦች አንዷን በእርሳስ ያጠቁራል፣ የሚያርመው ማሽን ነው። ማሽን ደግሞ አይለመንም፣ አማላጅም አይሰማም። ያለፈ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይሄዳል፣ የወደቀ ዓመቱን ይደግማል። ልጄን ቁንጮን ታውቂያታለሽ፣ ግትር ናት፤ «ከወደቅኩ ከታናናሾቼ ጋር አልቀመጥም፤ ትምህርቴን ትቼ እዚሁ ከአንተ ጋር ፀጉር እጠርጋለሁ» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ የማስበው ፈተናውን ብቻ ሆነ።

ቤታችን አንድ ክፍል ከነመጋረጃው መሆኑን ታውቂያለሽ። ሕፃኑ ካለቀሰ ማንም የሚያነብ የለም። ስለዚህ ቁንጮ ፊደል ከቆጠረች ጀምሮ የምታጠናው ፀጉር ቤቴ ውስጥ ነው። አግዳሚው ላይ ደብተሯን ትዘረጋለች፤ ከጎኗ የፀጉር መቁረጫው ቶንዶስ ይጮኻል፣ ሬዲዮኑ ኳስ ያስተላልፋል፣ ደንበኛው ይከራከራል። ዘንድሮማ ጉድ ነው የሆነው። የድሮ የፈተና ወረቀት አገኘሁና ተራ የሚጠብቀው ሰው ጥያቄውን ጮክ ብሎ እንዲያነብ፣ የቀሩት፣ ወንበር ላይ ያለውም ከፎጣው ስር፣ እጃቸውን እያወጡ ድምፅ እንዲሰጡ አደረግሁ። የታክሲ ሹፌሩ ሁልጊዜ ሐ ነው፤ ጥያቄው ሳይነበብም ሐ ነው። ሥጋ ሻጩ ደግሞ «ሁሉም መልስ ናቸው» ካልተባለ ይኮርፋል። አንድ ቀን ስለ ኩላሊት ሥራ ሲጠየቅ ሐ በከፍተኛ ድምፅ አሸነፈ። ቁንጮ ቀና ብላ «መልሱ ለ ነው» ብትል ሹፌሩ ግማሽ ጢሙን እንደተላጨ ከወንበሩ ተነሥቶ «ቤቱ ወስኗል!» ብሎ አፈጠጠባት። ልክ የነበረችው እሷ ናት።

እንዲህ እየሳቅን ሳለ የክፍል ኃላፊ መምህሯ አስጠራችኝ። ለሙከራ በተሰጣቸው ፈተና ልጅቷ ግማሹን ባዶ ትታ ወጥታለች። «ትምህርቱን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ክፍሉ ጸጥ ሲል ግን ጣራ ጣራውን እያየች ትቀራለች» አለችኝ። ቁንጮን ብጠይቃት ክፍሉ ዝም ሲል የገዛ ልቧ ሲመታ እንደሚሰማት፣ ከዚያ ሌላ ነገር ማሰብ እንደማትችል ነገረችኝ። ለካ ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ ጸጥታ የሚባል ነገር አታውቅም!

ባለቤቴ «እንግዲያው ዝም በልና አለማምዳት» አለች። ለእሷ ቀላል ነው። በሩ ላይ «ፈተና ስላለ ማውራት ክልክል ነው» ብዬ ለጠፍኩ፣ ሬዲዮኑን አጠፋሁ፣ በመቀስ ብቻ መሥራት ጀመርኩ። እታለሜ ሙች፣ እኔ ዝም ብዬ ፀጉር መቁረጥ አልችልም። አፌ ካልሠራ እጄ አይሠራም፤ የአንዱን ምስኪን ጆሮ ለጥቂት ነው የሳትኩት። ደንበኛውም «ምነው፣ ሰው ሞተባችሁ እንዴ?» እያለ ከበር ይመለሳል። ቁንጮ ደግሞ ያንኑ ጣራዋን ታያለች። በማግስቱ ወረቀቱን ባለቤቴ ራሷ ገነጠለችው።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ቋንቋ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ሒሳብ። ጠዋት በር ላይ ጠበቅኳት፤ ዓይኗ በርበሬ መስሎ ወጣች። ብዙ ባዶ መተዋን ነገረችኝና ደረቴ ላይ ተለጠፈች። የት እንደተቀመጠች ስጠይቃት አጥሩ ጥግ ባለው ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ ነው አለችኝ። በዚያች ቅጽበት አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። የቶንዶሴን ድምፅ በመስኮቱ ብትሰማ እኮ ልቧ ይረጋጋል! ለእሷ ትንፍሽ ሳልል ሮጬ ሄጄ በባትሪ የሚሠራውን ይዤ መጣሁ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከአጥሩ ውጭ፣ ልክ በመስኮቱ ትይዩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወላጅ እዚህ መቆም አይችልም አለኝ። የመጣሁት እንደ ወላጅ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነው አልኩት። «ለመሆኑ በዚህ ጎፈሬ ነው የአገር ፈተና የሚጠበቀው? ተቆጣጣሪ ቢመጣ ምን ይላል?» ስለው ጭንቅላቱን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «እሺ፣ ዳር ዳሩን ብቻ» አለ።

የሒሳቡ ፈተና ሲጀመር እኔም ዳር ዳሩን ጀመርኩ። ዳሩ አለቀ፣ የማብቂያው ደወል ግን አልተደወለም። ቶንዶሱን ካጠፋሁት ልጄ ጣራ ማየቷ ነው። ወደ ጎኑ ሄድኩ፣ ጎኑም አለቀ። ወደ ኋላ ዞርኩ፣ ኋላውም አለቀ። ዘበኛው «አልበዛም?» ይላል፣ እኔ «እኩል እያደረግኩት ነው» እላለሁ። መስታወት ሲጠይቀኝ ረስቼ መጣሁ አልኩት። ይህን እንኳ እውነቴን ነው። አንዱ ፈታኝ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይህ ድምፅ ምንድን ነው ብሎ ቢቆጣ ዘበኛው ፎጣው እንደተጠመጠመበት «ሥራ ላይ ነን!» ብሎ መለሰለት። ደወሉ ሲደወል አናቱ ላይ አንዲት ዘለላ አልቀረችም። እጁን ሰደደና ደነገጠ። «ዳር ዳሩን ብቻ አላልኩህም?» ሲለኝ «ዳሩ ትንሽ ሰፋብኝ» አልኩት።

ቁንጮ እየሳቀች ወጣች። ሁሉንም ሠርታ፣ ደግማ አይታ፣ ጊዜ ተርፏታል። ደስታዬ ወሰን አጣ! በኩራት «ሰማሽው አይደል?» አልኳት። «ምኑን?» አለችኝ። ለካ ከምሳ በኋላ ተቀያይረው እሷን ከጀርባ ወዳለው ሕንፃ፣ ፎቅ ላይ ወስደዋታል። የሰማችው ነገር የለም። ዘበኛው ፀጉሩን ያጣው ለማንም አይደለም።

ታዲያ እንዴት ሠራሽው ብላት መጀመሪያ ልቧ ሲደልቅ ትንሽ እንደፈራች፣ ከዚያ አንደኛውን ጥያቄ እንደሠራች፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን እንደሠራች፣ ከዚያ መፍራቱን እንደረሳችው ነገረችኝ። «አባዬ፣ ጸጥታ ለካ ደስ ይላል» አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሆኑ አላውቅም፣ ግን ሆኑ።

ውጤቱ ባለፈው ሳምንት ወጣ። ቋንቋው እንደፈራነው ጎተታት፣ ሒሳቡ ግን ብድግ አድርጓት አልፋለች! እልል በይልኝ። ዘበኛውም ያን ዕለት ለምን እንደላጨሁትና ማለፏን ሰምቶ «ጭንቅላቴን ሰጥቼ ነው ያሳለፍኳት» እያለ በየሄደበት ያወራል፤ እኔም አላስተባበልኩም። ትናንት ግን ቁንጮ የሚቀጥለውን ክፍል መጽሐፍ ተውሳ መጣችና፣ ላነብ ስለሆነ ለትንሽ ጊዜ ውጭ ሆነህ ሥራ አለችኝ። በገዛ ፀጉር ቤቴ! ይህንንም ደብዳቤ የምጽፍልሽ ወንበሬን በረንዳው ላይ አውጥቼ፣ በሩ ተዘግቶብኝ ነው።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ መድኃኒቷንም ትዋጥ። ለጋሼ የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢ፣ ሬዲዮኑንም ይቀንስ። ትልቋን ልጅሽን «አጎትሽ በርቺ ብሎሻል» በያት። ለፍላፊውን ልጅሽን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ትንሽ ዝም ቢል እንደማይሞት ከአክስቱ ልጅ ይማር ልል ነበር፣ የአጎቱ ልጅ ናት ለካ፣ ደስታው አዞረኝ። ባለቤቴ አንገትሽን አቅፋ ስማሻለች፣ ሕፃኑም እጁን እያወዛወዘ ነው። ቁንጮ ሰላምታዋን ራሷ ትጽፋለች፣ አንብባ ስትጨርስ።

ወንድምሽ

ከፀጉር ቤቱ በረንዳ፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ ውጤት በወጣ በሳምንቱ