ቀይዋ ትሁን

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ናፍቆትህ እንዳለ ሆኖ እኛ ደህና ነን። እኔ ግን ጉድ ሆኜልሃለሁ፤ ለሰው እንዳታወራ።

አባባ ከአውቶቡስ ሹፌርነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጣሪያዋ የሚከፈት አሮጌ የስፖርት መኪና አምሯቸው፣ አብረን ልንመርጥ መኪና መሸጫ ግቢ ሄድን። የመጀመሪያዋ ውስጥ ገብቼ ሽር ብትን ስል ሻጩ ጣሪያውን ወደ ኋላ ለቀቀው፤ ጣሪያው ዊጌን ይዞብኝ እጥፍ አለ! ግቢው በሳቅ ፈነዳ። አባባ ግን አጠገቤ ቆመው፣ «ምን አይተው ነው የሚስቁት?» አሉኝ።

«ዝም ብለው ነው» ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ አባባ ሞተር እያስነሱ ማዳመጥ ጀመሩ። «ይቺ ታስላለች። ያቺኛዋ ደግሞ እንደ አክስትሽ ታጉረመርማለች።» ሦስተኛዋን፣ አረንጓዴዋን፣ ከፊት እስከ ኋላ ዳበሷት፤ አዳመጧትና ፊታቸው በራ። «በቃ፣ ቀይዋ ትሁን!»

ሻጩ እኔን አየኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ።

ቁልፉን ሲቀበሉ፣ አሁን መሪው ጋ ሊቀመጡ ነው ብዬ ልቤ ተንጠለጠለ። እሳቸው ግን መዳፌን ፈልገው ቁልፉን አስጨበጡኝ። «ሹፌሯ አንቺ ነሽ፤ እኔ ነፋስ ልቀበል። ሐሙስ ስታንሸራሽሪኝ፣ እግረ መንገዳችንን ያን የዓይን ሐኪም ጎራ ብለን እንየው» አሉ። ስንት ለምኜ እምቢ ያሉትን፣ በገዛ አፋቸው! ደስታዬን የምገልጽበት ባጣ ጥሩምባዋን አንባረቅኩት።

ጤናህን ጠብቅልን፤ ሁላችንም እንስምሃለን። የመኪናዋን ቀለም ግን ከእኔ አትጠብቅ፤ ከሐኪሙ መልስ እሳቸው ራሳቸው ይጽፉልሃል።

እህትህ