ፈቃድ ሳይጠይቅ ስለወደቀው ጥድ

ለተከበሩ አቶ ሰብሐት
የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር
ሊልበርን፣ ጆርጂያ

ክቡርነትዎ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎንም፣ አዲሱን የወጥ ቤትዎን ጣሪያም ፈጣሪ ያጽናልዎ። እኔ የቀኝ ጎረቤትዎ ብዙነሽ፣ እስከ ዛሬ በቃል ብቻ ያቀረብኩልዎ ምስጋና ስላነሰብኝ፣ የአገራችን ሰው ሁሉ በሚያነበው ጋዜጣ ላይ ላሰፋው ወድጃለሁ።

አንደኛ፣ ለትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ሥሩ በስብሶ ወደ አጥርዎ ያዘመመውን ጥዴን ለማስቆረጥ፣ በማኅበሩ ደንብ መሠረት፣ በጁላይ ፈቃድ ልጠይቅዎ ስመጣ፣ የአየር ጠባይ ተመራማሪዋ ልጄ ኤልዳና አብራኝ ነበረች። እርሷም ዘንድሮ በምድር ወገብ በኩል የፓስፊክ ውቅያኖስ ገጽ መቀዝቀዙን፣ ይህም በአገር ቤት ሬዲዮ ድርቅ በመጣ ቁጥር ስሙን የምንሰማው የኤልኒኖ ተቃራኒ፣ ላኒና የሚባለው መሆኑን፣ ላኒና ሲመጣ ደግሞ በአትላንቲክ ሰማይ ላይ ሀሪኬን የሚባለውን የዝናብና የነፋስ ማዕበል ሳያድግ የሚበታትነው የላይኛው ነፋስ እንደሚደክም አስረዳችዎ። የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውኃም ከወትሮው ስለሞቀ ማዕበሉ ከዚያ ጉልበት ጠጥቶ እኛ ድረስ ሊዘልቅ እንደሚችል ነገረችዎ። እርስዎም ሳያቋርጧት ሰምተው፣ «የኔ ልጅ፣ ሊልበርን ወደብ የሆነችው መቼ ነው?» አሏት። እኔም ሳቅኩ፤ ባሕር ከሰፈራችን የብዙ ሰዓት መንገድ ነውና፣ እውነት ለመናገር ጥያቄው ያስቃል።

ሁለተኛ፣ ጥዱ «የሰፈሩ ግርማ» ነው ብለው ስለከለከሉን፣ ለውበት ያለዎትን ፍቅር አደንቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጀግንነትዎ። በሴፕቴምበር መጨረሻ ማዕበሉ በፍሎሪዳ ገብቶ ወደ እኛ ሲገሰግስ፣ ኤልዳና በርዎን አንኳኩታ ከቤታችን ሥር ወዳለው ቤዝመንት እንድትመጡ ለመነቻችሁ። ባለቤትዎ ወይዘሮ ሚካኤላ ወዲያው መጡ፤ እርስዎ ግን «ሊቀመንበር ቤቱን ጥሎ አይሸሽም» ብለው ቀሩ። ጎህ ሲቀድ ጥዱ ተገንድሶ ወጥ ቤትዎ ላይ ሲያርፍ የእኛም ወለል ተንቀጠቀጠ። ወይዘሮ ሚካኤላ እጄን ጨመቁት። እኔም፣ ከዚህ ሁሉ የማልቀልድበት ይህ ብቻ ነው፣ ስምዎን እየተጣራሁ በዝናብ ሮጥኩ። እርስዎ በአንድ እግርዎ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ አድርገው፣ ጋቢ ተከናንበው በጓሮ በር ብቅ ሲሉ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ አምላኬን አመሰገንኩ።

ከዚያም መብራት እስኪመጣ ቤዝመንታችን ተቀምጠው፣ የኤልዳናን ሽሮ አሞግሰው፣ በካርታም ሁላችንን አሸንፈውናል። ጨዋ እንግዳ ነበሩ። እኛም ጨዋ ስለሆንን ስለ ወደብ ትንፍሽ ያለ የለም።

አራተኛ፣ ለቢሮዎ ትጋት። ጥዱ ተቆራርጦ በተጫነ ማግስት፣ በኦገስት ያቀረብኩት ይግባኝ ተቀባይነት አግኝቶ «ጥዱን እንዲያስቆርጡ ተፈቅዶልዎታል» የሚል ደብዳቤ በፊርማዎ ደረሰኝ። ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ እንዲታይ በፍሬም አድርጌ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ።

ጥዱ ቢሄድም ከክቡርነትዎ ጥላ ሥር የማትርቀው፣
ለደንብና ለሥርዓት ዘወትር ታዛዥ የሆነችው፣
አክባሪ ጎረቤትዎ
ብዙነሽ

ማስታወሻ፦ ኤልዳና በጃንዋሪው ምርጫ ለማኅበሩ ሊቀመንበርነት ልትወዳደር ተመዝግባለች። የመጀመሪያውን የድጋፍ ፊርማ ያኖሩላት ወይዘሮ ሚካኤላ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ካልነገሩዎት ከእኔ ይስሙ።