የልደታ ወፍጮዎች

ጥቅምት ፰ ቀን ፲፰፻፸፱

ውርጭ ነው። አንኮበር ላይ ይብሳል ይላሉ፣ እኛ ከሥሩ ያለነውም ደርቀን ልንቀር ነው። ቀለሜ ረግቶ አላስጽፍ አለኝ፤ ብብቴ ውስጥ ከትቼ አሞቅሁት። ከምገለብጠው ዳዊት የተረፈች ቁራጭ ብራና አለችኝ... ለባለቤቱ ልመልስ? ተወው። የራሴን ወሬ ልጻፍባት።

እህቴ ወለተሐና ከማለዳ ጀምሮ ትፈጫለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ኑሮዋ ይኸው ነው። የሰው እህል ትፈጫለች፣ ከዱቄቱ ድርሻዋን ትወስዳለች። እኔም የምበላው ከዚያው ነው። ቅኔ የሚጋግር አላገኘሁም። "ጋሼ፣ ዜማህን ዝቅ አድርገው፣ መጄ የሚለኝ አልሰማ አለኝ" ትለኛለች። መጅ ማለት ያቺ በሁለት እጇ ወደፊት ወደኋላ የምትገፋት የላይኛዋ ድንጋይ ናት።

ገዢያችን ባላምባራስ ወልደተንሣኤ ከታች ወንዙ ላይ ያሠራው የውሃ ወፍጮ ዛሬ ዞረ። አንድ ፈረንጅ ሠርቶለት ሄደ። አገሩ ሁሉ ሊያይ ወረደ፣ እኔም። ድንጋዩ ሰው ሳይነካው ሲዞር ባልቴቶቹ አማተቡ። ባላምባራስ ዱቄት ለብሶ ይስቃል። (ሰው ሁሉ አንቱ ይለዋል። ፊት ለፊት እኔም እለዋለሁ። እዚህ ብራናዬ ላይ ግን አንተ ነው።)

ጥቅምት ፲፫

ነጋሪት ተጎሰመ። "የቤት ወፍጮ ከእንግዲህ ቀርቷል! መጅ ያለው ያስረክብ! የሚያስፈጭ ሁሉ ወደ ወንዙ ይውረድ!" ዋጋው ከአራት እጅ ዱቄት አንዱን እጅ።

ባላምባራስ ፈረሱ ላይ እንደተቀመጠ ጨመረበት። "ለእናንተው አዝኜ ነው! የሴቶቻችን ወገብ ይረፍ ብዬ ነው!"

"ወገቤን ማን ጠየቀው?" አለች ወለተሐና። ያውም ጮክ ብላ። አፏን ልይዝ ምንም አልቀረኝ።

ቤት ስንገባ ግን ሌላ ሰው ሆነች። "መጄን ከወሰዱብኝ በምን እኖራለሁ?" አለችኝ።

ጥቅምት ፲፱

ከላይኛው ሰፈር ጀምረዋል። የታችኛው ድንጋይ ከመደቡ አይነቀል፣ ስለዚህ መጁን ብቻ ይሰበስባሉ። አህያ ላይ ጭነው ሲሄዱ አየሁ። አህያዋም ግራ የገባት ትመስላለች።

ጥቅምት ፳፫

ወሬ ለማየት ወንዙ ወረድሁ። ሴቶቹ እህሉን ተሸክመው ይወርዳሉ፣ ቀኑን ሙሉ ተራ ይጠብቃሉ፣ ዱቄቱን ተሸክመው ያንን ዳገት ይወጣሉ። ወገብ ይረፍ የተባለው ይህ ነው? ሰፋሪው መዳፉ የአውድማ ላይዳ ያክላል፤ ከአራት አንዱ የተባለው በእሱ እጅ ሲሰፈር ሌላ ነገር ይሆናል። የተሰበሰበው ዱቄት ደግሞ ወደ አልዩ አምባ ነጋዴዎች ይሄዳል። እዚያ የሚያተርፈው ባላምባራስ ብቻ ነው።

ጥቅምት ፳፰

ከሰሞኑ ወደ እኛ ሰፈር ይደርሳሉ። ወለተሐናን ጓሮ ጉድጓድ ስትቆፍር አገኘኋት፣ መጇን ልትቀብር።

"ፍትሐት ላድርስለት?" አልኋት። አልሳቀችም።

ከዚያ... መጣልኝ! ባላምባራስ ሰው አይፈራም፣ ግዝት ግን ይፈራል። አምና የቤተ ክርስቲያን በግ ሳያውቅ አርዶ ሳምንት ሙሉ ሆዱን ይዞ ሲጮህ ከርሟል። ታዲያ ሴቶቹ መጃቸውን ለደብራችን ለልደታ መባ ቢሰጡስ? ድንጋዩ የታቦት ገንዘብ፣ እነሱ ጠባቂ። ማን ደፍሮ ይነካዋል? ወሩ ሲገባ ልደታ ናት። ቤት ለቤት ዞርሁ። ተረከዜ እስኪነቃ።

ኅዳር ፩

ልደታ። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ መጃቸውን እንደ ሕፃን አዝለው መጡ። ደጀ ሰላሙ ድንጋይ ሞላ። አለቃ ገብረአማኑኤል፣ የደብራችን አለቃ፣ መጀመሪያ ለአጥሩ ካብ የመጣ ድንጋይ መስሏቸው ደስ አላቸው። ነገሩን ሳስረዳቸው ይበልጥ ደስ አላቸው። ለምን?

ብቻ ባረኩ፣ "የልደታን ገንዘብ የነካ!" ብለው ገዘቱ። ሴቶቹም መጃቸውን አዝለው ወደየቤታቸው።

ኅዳር ፬

የባላምባራስ ሰዎች መጡ። ወለተሐና በሩ ላይ ቆመች። "የልደታ ነው። ሳትሳለሙ እንዳትገቡ።" ተሳለሙና ባዶ እጃቸውን ሄዱ።

ከሰዓት ራሱ መጣ። ከፈረሱ ወረደ። መጁን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰማዩን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሳመው! ዱቄቱ ጢሙ ላይ ቀረ። ማንም አልነገረውም። እስኪመሽ ሳቅሁ።

ኅዳር ፱

አለቃ አስጠሩኝ።

"ዘርአ ዳዊት፣ ድንጋዩ የልደታ ነው ብለሃል?"

"አዎን፣ አባቴ።"

"በልደታ ድንጋይ የሚፈጨውስ?"

መልሱንም ራሳቸው ሰጡ። ከአምስት እጅ አንድ እጅ... ለመብራት፣ ለዘቢብ፣ ለአለቃ ማዕድ። "ከባላምባራሱ እኮ እንሻላለን" አሉኝ ፈገግ ብለው።

ለወለተሐና ነገርኋት። "ከአንዱ ጌታ ነጥቀህ ለሌላው ሰጠኸኝ?" አለችኝ። እራት አልቀረበልኝም። እውነቷን ነው። በጣም አፈርሁ።

ከዛሬ ጀምሮ አለቃም እዚህ ላይ አንተ ነው።

ኅዳር ፲፪

ሴቶቹ ምንጩ ዳር ተሰብስበው ዋሉ። ስጠጋ ዝም። ስርቅ ሳቅ። ምን እየዶለቱ ነው?

ኅዳር ፲፫

መጆቹን በሙሉ አምጥተው አለቃ ግቢ ዘረገፏቸው። ወለተሐና ከፊት ናት፣ አንገቷን ደፍታ፣ በትሕትና። (ትሕትናዋን አውቀዋለሁ። ያስፈራኛል።)

"አባታችን፣ ሳናውቅ በድለናል። የቁርባኑን ዱቄት በደብሩ ቤተልሔም የሚፈጩት ወንዶቹ አይደሉም? የልደታን ድንጋይ የሴት እጅ እንዴት ይነካዋል? አገልጋዮቹ ይፍጩልን፣ ድርሻውንም ያኔ ይውሰዱ።"

አለቃ መጆቹን ቆጠረ። ሥርዓቱን ሲያስተምራቸው የኖረው እሱ ራሱ ነው። ወደ እኛ ዞሮ "በሉ ፍጩ" አለን።

ኅዳር ፲፮

እየፈጨን ነው። ቄሶቹ፣ መሪጌታው፣ እኔ። ሰፈሩ እህሉን ይዞ ግቢው ውስጥ ተራ ይጠብቃል። መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ጉልበቴ ተላጠ። እስከ ቀትር ቁና አልሞላሁም፣ ያውም ግማሹ ክክ ነው። ወለተሐና መጥታ በጣቶቿ ዘገነችው። "ጋሼ፣ ይኸ ለዶሮ ነው?" ሄደች።

ሰዉ ግን አልተጎዳም። ጾም ገብቷል፣ ሁሉም ንፍሮና ቆሎ ይበላል። ለንፍሮ መጅ አያስፈልግም፣ የባላምባራስ መንኮራኩርም አያስፈልግም። ወንዙ ዳር ሰው የለም። ከአገሩ የተራበ አለቃ ብቻ ነው። ጥርስ የለውም፣ ቆሎውን እያየ ይውላል።

ኅዳር ፲፱

የአልዩ አምባ ነጋዴዎች ዱቄት ፍለጋ መጥተው ባዶ ስልቻ ይዘው ተመለሱ። ባላምባራስ በረረ፣ አለቃን ደጀ ሰላም ላይ አገኘው።

"ሕዝቡን ያበላሹብኝ እርስዎ ነዎት!"

"እኔ? ድንጋዩን ይዞ እንዲሸሽ ያደረጉት እርስዎ አይደሉም?"

"ወፍጮዬ ቆመ!"

"የእኔ ካህናት ማኅሌት መቆም አቃታቸው!"

ሕዝቡ ካቡ ሥር ተቀምጦ ይሰማል፣ ቆሎ ይቆረጥማል። ጠቡ ጣፋጭ ነበር፣ በቆሎው ድምፅ ግን ብዙው አመለጠኝ።

ኅዳር ፳፪

ትናንት በጽዮን አለቃ ድርሻውን ማንሳቱን ከመቅደሱ ደጃፍ ተናገረ። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። ባላምባራስም ከላይኛው ሰፈር የወሰዳቸውን መጆች መለሰ። ወንዙ የሚወርድ በፈቃዱ ይውረድ፣ ከአሥር እጅ አንድ። ወለተሐና ድግስ ሲደራረብብኝ እወርዳለሁ ትላለች። መንኮራኩሩን ጠልታው አታውቅም፣ ትእዛዙን እንጂ።

መጇን ስትቀበል አለቃ ጣቱን አነሳባት። "የልደታ መሆኑን ግን እንዳትረሺ።"

"ልደታ ስትጠይቀኝ እሰጣታለሁ፣ አባታችን" አለችው። "እርስዎ ግን አይጠይቁልኝ።"

ዛሬ የሦስት ቤት ገብስ መጥቶላት ከማለዳ ትፈጫለች። እየፈጨች ታንጎራጉራለች፣ ጎረቤቶቿም ከየወፍጯቸው ይቀበሏታል። ግጥሙን የሠሩት ምንጩ ዳር መሆን አለበት። ባላምባራስ አለበት። አለቃ አለበት። ግድግዳው ሥር ተቀምጬ በሳቅ ሞትሁ። ሦስተኛው ስንኝ ስለ አንድ ብልጥ ደብተራ ነው።

እንድትሰማኝ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሰማችኝ። ድምፅዋን ከፍ አደረገችው።