ለቤዝቦል ለቅሶ የተቀመጠው ባሌ

እሑድ፣ መስከረም 18፤ ሲልቨር ስፕሪንግ

ባሌ ብርሃኑ የሚደግፈው የቤዝቦል ቡድን ዛሬ በመጨረሻው ጌም ተሸነፈና አንደኝነቱ ለጥቂት አመለጠው። እሱም እህል አልቀምስ ብሎ ሶፋው ላይ ኩርምት አለ። ጓደኛው ዳዊት ከጎረቤት ስቴት ከአሌክሳንድሪያ ድረስ ነድቶ መጣ፤ ሚስቱ ቀይ ወጥ በድስት ልካለች። በሩ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እንዴት ሆነ?" አለኝ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ነው የሚመስለው!

እኔ በሚያዝያ የነርስነት ፈተናውን ለትንሽ ስወድቅ ማን ድስት ይዞ መጣ? ብርሃኑ ራሱ ዓይኑን ከቲቪው ሳይነቅል "አይዞሽ፣ ትደግሚዋለሽ" አለኝ፤ በቃ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ብቻዬን አለቀስኩ።

ዛሬ ያንኑ መለስኩለት፦ "አይዞህ፣ ለከርሞ ይደግሙታል።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ተይ እስቲ! ለጥቂት መሸነፍ ምን እንደሆነ አንቺ የት ታውቂዋለሽ?"

ወጡን አሞቅኩላቸው። በኳስ መቅናት ያሳፍራል፤ ግን ቀናሁ። ማክሰኞ ድጋሚ እንደምፈተን ትዝም አላለው። የከርሞው የመጀመሪያ ጌም መቼ እንደሆነ ግን ቀኑን ከነሰዓቱ ለዳዊት ሲነግረው ከኩሽና ሰማሁት።