ለመመለስ ምክንያት

ቅዳሜ፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዘመሮ

ዛሬም ዓይኔ አብጦ ነው የነቃሁት። አደይ አበባ ከፈነዳ ወዲህ ማስነጠሱ ፋታ አልሰጠኝም። የአለርጂው ክኒን ደግሞ እንቅልፍ ብቻ ነው የሚያመጣብኝ። ያም ሆኖ የቅዳሜ መንገዳችንን መተው አልፈለግኩም። ከአባዬ ጋር ገደሉ አፋፍ ወጥተን ጭላዳዎቹን ለማየት ክረምቱን ሙሉ ጠብቀናል።

ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ ተከተልኳቸው። ግማሽ መንገድ ስንደርስ በላይ በላዩ አስነጠሰኝ፤ እንባዬ መንገዱን ጋረደብኝ። አባዬ ቆሙ።

«በይ እንመለስ። በዚህ ዓይንሽ ገደል ትገቢያለሽ።»

«ትንሽ እኮ ነው የቀረን፣ አባዬ።»

«ስላንቺ ብዬ ነው እንጂ እኔማ እወጣው ነበር።»

ተናድጄ ዞርኩ። አበባውንም አፍንጫዬንም ረገምኩ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ትከሻዬን ያዙ፤ እጃቸው ከበደኝ። ዘወር ብዬ ሳይ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። አምና እኔ ነበርኩ ቀስ ይበሉ እያልኩ ከኋላ የምለምናቸው።



«እንኳን ተመለስን፤ በጣም አሞኝ ነበር» አልኳቸው።

«አላልኩሽም?» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

ጥቅምት ሲጋመስ አበባው ይረግፋል፣ እኔም ይሻለኛል። ያኔ ከመንገድ ስንመለስ በምን እንደምናሳብብ አላውቅም።