የቆጣሪዋን ባለቤት በአካል ስለማቅረብ

ለአካባቢያችን የመብራት መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና በተለይም ፍሪጅዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ዓይኔ ደክሞ ጆሮዬ ገና ያልደከመ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ስሆን፣ በመሥሪያ ቤትዎ መብራት አርባ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። ከሚስቴ ጋር የኖርኩት አርባ ዓመት ብቻ ስለሆነ በሁለት ዓመት በልጠዋታል፤ እንኳን ደስ አለዎ።

አቤቱታዬን በቁጥር የጻፍኩት፣ ሳያነቡት ፋይል ውስጥ ሲያስገቡት እንዳይቸገሩ በማሰብ ነው።

1ኛ. የቤታችን አምፖል ማንም ሳይነካው ቦግ ብሎ ግድግዳውን ሁሉ ያነጣና ወዲያው እንደሚያንቀላፋ ሰው ዓይን ይፈዛል። በዚህ ልግስናዎ አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ሬዲዮና አንድ ካውያ ስለተቃጠሉልን ቤታችን ሰፍቶልናል፤ እናመሰግናለን። እኔም መከላከያ ልግዛ ብዬ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ሰማያዊ መብራት ያላት ትንሽ ዕቃ አውጥቶ፣ ቤቱን በሙሉ እንደምትጠብቅ በልጆቹ ምሎ ሸጠልኝ። በሦስተኛው ቀን ከሁሉ ቀድማ የተቃጠለችው እሷ ናት።

ከዚያ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ጠራሁ። ሽቦ ከመንካቱ በፊት ሁሌ «ቀስ!» ስለሚል ሰፈሩ የሚያውቀው «ቀስ» በሚል ስም ነው። ቀስ እንዳስረዳኝ፣ ለቤቱ ሁሉ የሚሆን ጠባቂ መቆም ያለበት በር ላይ፣ ማለትም ኃይሉ ከቆጣሪው ወደ ቤት በሚገባበት በዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሽቦው ከአንድ ስንዝር እንዳይረዝም፣ ድንገት የሚመጣው የኃይል ምት ደግሞ መሄጃ እንዲያገኝ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ እንዲቀበር ያስፈልጋል። ግቢያችንን ቆፍሮ ዘንጉን ቀበረ፣ መከላከያውንም ገጠመ። መከላከያው ትንሽ መስኮት አለችው፤ በሕይወት ካለ አረንጓዴ፣ ምቱን ተቀብሎ ከሞተ ቀይ ታሳያለች። ቀስ ዕቃውን ሰብስቦ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህ ድንገት መትቶ የሚሄደውን እንጂ ገብቶ የሚቀመጠውን አይመልስም አለኝ። በራችን ላይ ባለው ምሰሶ ኒውትራል የሚባለው ኃይሉን የሚመልስ ሽቦ ላልቷልና፣ እሱ እንደገና ሳይታሰር ቤት ውስጥ የሚገጠም ነገር ሁሉ ተራውን ይሞታል። ምሰሶውን መንካት የሚችለው ደግሞ መሥሪያ ቤትዎ ብቻ ነው።

2ኛ. ስለዚህ እርስዎ ዘንድ መጣሁ። መስኮት ቁጥር አራት ላይ ያለችው ትሁት ሠራተኛዎ፣ ቆጣሪው በሚስቴ ስም ስለሆነ ባለቤቷ በአካል ትቅረብ አለችኝ። ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው ብላት ማስረጃ ጠየቀችኝ፤ አመጣሁ። የሞተ ደንበኛ ማመልከት አይችልምና ስም ይዛወር አለች። ስም ለማዛወር መስመሩ ብልሽት እንደሌለበት መረጋገጥ አለበት፣ ለማረጋገጥ ብልሽቱ መጠገን አለበት፣ ለመጠገን ባለቤቷ በአካል መቅረብ አለባት። እንዲህ ክብ የሆነ ሥራ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። በዚያው ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ያለው የሚስቴ ስልክ ተንቀጠቀጠ፤ «ውድ ደንበኛችን፣ እርስዎን በማገልገላችን ደስተኞች ነን» ብላችኋታል። አነበብኩላት።

3ኛ. ክቡር ሆይ፣ ስለ እሷ ላጫውትዎ። አምፖሉ ቦግ ሲል ሚስቴ በነጠላ ጫማዋ ቷ፣ ቷ፣ ቷ እያለች በኮሪደሩ ትሮጥና ሶኬት ትነቅል ነበር። መጀመሪያ ፍሪጁን፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥኑን፤ የእኔን ሬዲዮ መጨረሻ ላይ ነው፣ ቂም ነበራት። መብራቱ ሲረጋ ሦስት መቶ ድረስ ሳትቆጥር አትሰካም። እኔ ደግሞ ከመኝታ ቤት «ሰባ ሁለት!» ብዬ እጮህና አሳስታታለሁ፤ እየረገመችኝ ከአንድ ትጀምራለች። አርባ ዓመት እንዲህ ተጫወትን። የዛሬ ሁለት ዓመት እኩለ ቀን ላይ ቦግ አለ፣ ሮጠች፣ ኮሪደሩ መሀል የተነሳው የወለል ንጣፍ ጠለፋት። ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባች፣ ከዚያም አልተመለሰችም። ፍሪጁ ተርፏል። እስከ ዛሬም በደንብ ይሠራል።

የዛሬ አምስት ሳምንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጋደም ብዬ ሳለ አምፖሉ ቦግ አለ። በኮሪደሩ ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ከዚያ ዝግ ያለ ድምፅ መቁጠር ጀመረ። አልተነሳሁም። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ሰባ ሁለት!» አልኩ። ቆጠራው ቆመ። ቆይቶ ከአንድ ጀመረ።

አምስት ሳምንት ለማንም ሳልናገር በየቀኑ ጋደም ብዬ ጠበቅኋት። መሥሪያ ቤትዎን ከልቤ ያመሰገንኩት ያኔ ብቻ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ቷ፣ ቷ ሲል ላያት ጓጉቼ ተነሳሁ። ኮሪደሩ ላይ የአያቷን ነጠላ ጫማ ያደረገች የስምንት ዓመት የልጅ ልጄ ትሮጣለች፤ ጫማው ከተረከዟ አራት ጣት ይተርፋል፣ ወደተነሳው ንጣፍም ደርሳለች። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት እንደምትውል፣ ሶኬት ነቅሎ መቁጠርንም ከአያቷ እንደለመደች አውቅ ነበር፤ ማስታወስ አልፈለግሁም ነበር እንጂ። ያዝኳትና፣ ከእንግዲህ መሮጥ አያስፈልግሽም፣ ጠባቂ ተገጥሟል ብዬ ሳጥኑን ከፍቼ አሳየኋት። መስኮቷ ቀይ ነበረች። ቀና ብላ አየችኝና «አባባ፣ እሱም ሞቷል እኮ» አለችኝ።

ሳጥኑን ዘጋሁና ለእርስዎ መጻፍ ጀመርኩ። አዲስ መከላከያ ገዝቻለሁ፣ ንጣፉንም በገዛ እጄ ለስኜዋለሁ። ምሰሶው ግን የእርስዎ ነው። የምለምነው አንድ ሠራተኛ፣ አንድ መሰላል፣ አንድ መፍቻና ሩብ ሰዓት ነው፤ ልጅቱ በዚያ ኮሪደር መሮጧን እንድትተው።

አምፖልዎ እንዳይርገበገብ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ የቻልኩትን ያህል ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

በአካል ትቅረብ የተባለችው ደንበኛዎ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመስኮት ቁጥር አራት ትእዛዝ መሠረት የባለቤቴን ነጠላ ጫማ ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ፤ በአካል ማቅረብ የምችለው ይህንኑ ነው፣ ልጅቱም ዳግም እንድታደርገው አልሻም። ወረፋ አትወድምና ብዙ አያስጠብቋት። የቢሮዎ አምፖል ድንገት ቦግ ሲል ከጠረጴዛዎ ሥር ቷ፣ ቷ የሚል ድምፅ ቢሰሙ አይደንግጡ፤ የእርስዎን ሶኬት ልትነቅል ነው። ስትቆጥር ግን፣ አደራዎን፣ አያሳስቷት። እሱ የእኔ ሥራ ነው።